የአባባ ጆሮ

ለምወድህ ወንድሜ ኪዳኑ፣

ከነልጆችህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። የሰቆጣ ዝናብ ዘንድሮ ደግ ነው፤ ገብሱም አምሯል።

አባባ ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት ያገለገሉበትን የአየር ኃይል ጣቢያ ታሪክ ሁሌ ይተርኩልን ነበር፤ በአፈር ሜዳ መጀመሩን፣ የጥገናው ሃንጋር ሲቆም የመጀመሪያውን ሞተር እሳቸው መፍታታቸውን። አንተ በቦታቸው ስትተካማ ኩራታቸው ለጉድ ነበር።

ባለፈው የገበያ ቀን አብረን ሽንኩርት ስንገዛ ከሰማይ ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ ወደየበረንዳው ሮጠ። አባባ ግን ቆመው አዳመጡና፣ «ሞተሩ ገና መታደሱ ነው፤ የጠገነው እጅ ጎበዝ ነው» አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ደግነቱ አውሮፕላኑ ምንም ሳይጥል ዞሮ ዞሮ ሄደ።

ባለሱቋ ጦይባ ውሃ እያቀበለቻቸው፣ «አባቴ፣ ያ ልጅዎ የት ነበር የሚሠራው?» አለቻቸው።

«ዳቦ ቤት» አሉ።

እኔም ሽንኩርቱን መምረጤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጣቢያው አንድም ቀን አላነሱም። ለመሆኑ ሥራ በዝቶብሃል? የዓመት ፈቃድህን አሁን ብትወስደውስ? አባባም፣ «ያ ልጅ እጁን ትንሽ ቢያሳርፍ» ይላሉ።

እማማ ጉንጭህን ስማለች። በደህና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ እናትነሽ