ሊፍቱ የማን ነው

ኅዳር 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱን ለመድሽው? እኔና እናትሽ ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስለ ትምህርትሽ ስታወሪኝ፣ «ማኅበረሰብ እንደ ሰውነት ነው፤ እጁም እግሩም የየራሱን ይሠራል» ብዬ ተከራክሬሽ ነበር። አንቺ ደግሞ «አባዬ፣ የላይኛው ያለውን አይለቅም፤ የታችኛው ለፍርፋሪው እርስ በርሱ ይናከሳል» አልሽኝ። ያኔ ስቄብሽ ነበር። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

የፋብሪካችን ሊፍት ለቢሮ ሰዎች ብቻ እንደነበር ታውቂያለሽ። እኛ ልብስ ተኳሾቹና ሰፊዎቹ አራተኛ ፎቅ የምንወጣው በእግራችን ነው። ታዲያ ሥራ አስኪያጁ፣ በሥራ የበለጠው ክፍል ወሩን ሙሉ በሊፍት ይወጣል የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ከዚያ ወዲያማ አይወራም። ሰፊዎቹ ልብሱን ሆን ብለው ያዘገዩብናል፤ እኛ ደግሞ ስፌቱ ጠማማ ነው እያልን እንመልስባቸዋለን። ስንት ዓመት ምሳ አብራኝ የበላችው ሰፊዋ ጎረቤታችን እንኳ ሰላምታ ነሳችኝ።

እኛ አሸነፍን። የመጀመሪያው ቀን ሊፍቱ ውስጥ ኮሌታዬን አስተካክዬ እንደ ሚኒስትር ቆምኩ። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን የጎረቤታችንን ልጅ አየኋት። እሷም ሰፊ ናት፤ ወሯ ገብቷል። የደረጃውን ብረት ይዛ ሽቅብ ስትመለከት በሩ ተዘጋ። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ጓደኞቼን ሰብስቤ «ነገ አንገባም» አልኳቸው።

በማግስቱ ተኳሾቹ በሙሉ ሊፍቱ በር ላይ ቆምን፤ አልገባንም። ሥራ አስኪያጁ መጣ።

«ምን ሆናችኋል?»

«ወይ ሁላችንም፣ ወይ ማናችንም» አልነው።

«ሁላችሁንም አይችልማ።»

«በየተራ ይችለናል» አለች ጎረቤታችን ከኋላዬ። ለካ ሰፊዎቹም ከደረጃው ተመልሰው አጠገባችን ቆመዋል።

«ይሄን ያመጣው ማነው?» አለ። እኔ እጄን አወጣሁ፤ ሽንት ቤት የሚያስፈቅድ ተማሪ መስዬ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ማሽኖቹ እስከ ምሳ ድረስ ቆሙ። ከሰዓት ማስታወቂያው ተነሳ። አሁን የቢሮ ሰዎችም ከእኛ ጋር ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ የሒሳብ ኃላፊዋ እኮ ስለ ጉልበቷ ታወራኛለች። የጎረቤታችን ልጅም በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች።

እኔን ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን አዛውረውኛል። ሥራ አስኪያጁ «ለዕድሜዎ ይሻላል ብለን ነው» አለኝ። ደህና ቦታ ነው። መስኮት ባይኖረውም የካውያ ሙቀት የለበትም፤ ብቻዬን ስለሆንኩም ሬዲዮኑን እንደ ልቤ እከፍታለሁ። እናትሽን ሹመት ነው ብያታለሁና ስትደውይ እንዳታጋልጪኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤታችንና የድሮ ጓደኞቼ ምሳቸውን ይዘው በሊፍት ይወርዱልኛል። ወንበር ስለማይበቃን ካርቶን ላይ ተቀምጠን ስንሳሳቅ እስከ ላይ ይሰማል አሉ።

በክርክሩ ረትተሽኛል፣ ልጄ። ብቻ ሰዎች መናከሱን ትተው አብረው ስለሚቆሙበት ጊዜ የሚያወራውን የመጽሐፍሽን ምዕራፍም ደህና አድርገሽ አንብቢልኝ።

የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም፤ ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ፣
የመጋዘኑ ሹም