የእህቴ ጥቁር ጥርስ

ዲየፕ፣

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው። ዓሣውን አሙቀሽ ብዪ እንጂ ቀዝቃዛውን እየዋጥሽ ኮምፒውተሩ ላይ አትፍጠጪ።

እኔ እህቴ ንያም ለሞተችበት መቶኛ ቀን መታሰቢያ ወደ ናም ዲን ከተማ ሄጃለሁ። ቤቷ ካለው የሙታን መታሰቢያ መደርደሪያ ላይ የሚቆመውን ፎቶ ይዣለሁ፤ በልጅ ልጄ ሠርግ ያነሳሽውን። ሌላ የላትም።

የሙሽራዋን ጥርስ ያነጣሽበትን ትእዛዝ ለአራት መቶውም የሠርግ ፎቶ ባንዴ ስትሰጪው እህቴም ነጭ ጥርስ አወጣች። በልጅነቷ እንደ አገራችን ወግ ለውበት ብላ፣ ከንፈሯ እስኪያብጥ ታግሣ በቀለም ያጠቆረችው፣ መንደሩ ሲቀናበት የኖረው ጥርስ።

"አያቴ፣ ማሽኑ የቆሸሸ መስሎት ነው" አልሽኝ ትናንት። የቆሸሸስ የማሽንሽ ዓይን ነው።

ያልተነካውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ያዘብኝ ብለሽ አጥፍተሽዋል።
መልሼ ላጥቁረው ማለትሽንም ተዪው። አንዷ የፊት ጥርሷ ቀለሟ ለቅቆ ቡናማ እንደነበረች በምን ታውቂያለሽ?

"ሁሉንም እኩል አሳምሪልኝ" ያልኩሽ እኔው ነኝ። አልካድኩም።

የቤቱ በር እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ በትከሻሽ ግፊው።

በነጭ ጥርሷ ልጆቿ ፊት ላቆማት ነው። "ይህቺ ማን ናት?" ቢሉኝ ጥርሷን በጣቴ ሸፍኜ አሳያቸዋለሁ።