ከመሣሪያ ሣጥንህ ጀርባ ያገኘሁት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለአባ መጋዝ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለንም። ልጃችን ደህና ናት፤ እኔ ግን አይጥ ወሮኝ አሳሬን እያየሁ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈችልህ ሚስት ስለ አይጥ ልትጽፍልህ ስትነሳ ብትስቅ አልፈርድብህም። ሳቅ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

የሄድክበትን ነገር ሁለታችንም አንረሳውም። ሟች እናቴ በእጇ የቆረጠቻቸውን የልብስ ልክ ወረቀቶች፣ ቁምሳጥኑን ስትጠግን ጥለሃቸዋል ብዬ ጮኽኩብህ። አልጣልኩም ብለህ ማልክ። በልጃችን ፊት ውሸታም አልኩህ። አንተም ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብለህ፣ ትልቁን የመሣሪያ ሣጥንህን እንኳ ሳትይዝ ወጣህ። እኔም የሥራ ክፍልህን ቆለፍኩት።

አሁን ወደ አይጧ ልመለስ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብዬ አርባ ቀሚስ ቆርጬ ከምሬአለሁ። አንድ ጠዋት ወደ ስፌት ክፍሌ ስገባ የሦስቱ ጫፍ ተቀርጥፏል፤ ከስፌት መኪናው ሥር ጥቁር ጥቁር ነገር ተበትኗል። መቼም ታውቀኛለህ፣ ማንንም ሳልጠይቅ አይጠ መጎጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ክንድ የሚሰብር ወጥመድ ሦስት ገዝቼ፣ ለውዝ አድርጌባቸው ከክፍሉ መሀል ደረደርኩ። በማግስቱ ለውዙ ተበልቷል፣ ወጥመዱ እንዳፈጠጠ ቁጭ ብሏል። በሦስተኛው ቀን የያዘው የእኔን አውራ ጣት ነው። ቀዳዳውን ሁሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ወተፍኩ፤ ጨርቁ ተወሰደ። የጎረቤት ድመት ተውሼ አመጣሁ፤ ዩኒፎርሙ ላይ ተኝታ ፀጉሯን አራግፋብኝ ሄደች። ከንዴቴ የተነሳ መቀሱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት።

ሲብስብኝ ጎረቤታችንን ጠራኋቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የእህል መጋዘን የጠበቁትን ሽማግሌ። ያንን ጥቁር ነገር በወረቀት አፍሰው መስኮት ዘንድ ወስደው አዩት።

«ይሄ እኮ የአይጠ መጎጥ አይደለም» አሉኝ። «የአይጠ መጎጥ ቢሆን ባቄላ ያህል ነበር። ይሄ የሩዝ ፍሬ ነው የሚያክለው፣ ጫፉም ሹል ነው። ይቺ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ያንቺን ወጥመድ ለማስፈንጠር ክብደቷም አይበቃ!»

«ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኛለሁ እኮ፣ ጋሼ!»

«በምን?»

«በጨርቅ።»

«አይ ልጄ! አልጋ አንጥፈሽላታል በያ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃታል አሉ። ድስት የሚታጠብበትን ሽቦ ጠቅጥቀሽ በሲሚንቶ ምረጊው፤ ወጥመዱ ትንሽ ይሁን፣ የምትሮጠው ግድግዳ ታካ ነውና ግድግዳው ሥር አስጠጊው፤ መርዝ እንዳታስቢ፣ ልጅ አለሽ፣ ደግሞም ግድግዳ ውስጥ ሞታ ትከረፋብሻለች። ከየት እንደምትመጣ ለማወቅ ደግሞ ዱቄት ነስንሺ አሉኝ። ነሰነስኩ። ጠዋት የእግሯን ዱካ ብከተል በቀጥታ የአንተ ክፍል በር ሥር ገባ።

«ክፈቺዋ» አሉኝ።

«አልከፍትም» አልኳቸው።

ሁለት ቀን እንቢ አልኩ። ቀሚሱ ለዓርብ ነው የሚፈለገው፣ እሷ ደግሞ ሌላ ሁለት በላች። ዛሬ ጠዋት እየተራገምኩ ከፈትኩት። የመሣሪያ ሣጥንህን ሳንፏቅቀው ከጀርባው ጎጆዋን አገኘሁት፤ የእኔ ጨርቅ ከላይ፣ ከሥሩ የተቦጫጨቀ ቢጫ ወረቀት። አንዷን ቁራጭ ወደ ብርሃን አወጣኋት። በሰማያዊ እርሳስ «ወገብ» ይላል፤ የእናቴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሮጬ ወረቀቶቹ የነበሩበትን የቁምሳጥኑን መሳቢያ አወጣሁና እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ። ግድግዳው ላይ ወደ ክፍልህ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለወረቀቱ አይደለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ እኔም ስምንት ወር ሙሉ የመታሁት አንተን ነው። በድዬሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ልጃችን ለምሳ ስትመጣ፣ ውሸታም ያልኩህን የሰማችው እሷ ናትና፣ «አባትሽ አልዋሸም» አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ለእሱ ነግረሽዋል?»

ያልተሰፋው ቀሚስ ተከምሮ እኔ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። በትንሹ ወጥመድ እስካሁን አራት ይዘናል። ቀዳዳዎቹንም አንድ በአንድ መርጌ ጨርሻለሁ። የቀረው የክፍልህ በር ሥር ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ጋሼ ጣውላ ይመታበት፣ አናጺ ጥሪ እያሉ በየቀኑ ይጨቀጭቁኛል። ካንተ ሌላ አናጺ እዚህ ቤት አላስገባም ብያቸዋለሁ።

እጅህን ከመጋዝ፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልኝ።

ተሳዳቢዋ ሚስትህ

የክፍልህ ቁልፍ በሩ ላይ ነው። መልሼ አልቆለፍኩትም።