ተፈታች ወይስ ፈቷት

ውድ የልጅነት ጓደኛዬ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ልጽፍልሽ ነው፤ ባሌም ሳያውቀው ሞተ። በቅድሚያ ግን እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የሞምባሳ ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። መነጽር ገዝቻለሁ። የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል የቆጠርኩት ሴትዮ ዛሬ መጽሐፍ ይዤ እከራከራለሁ ብልሽ ታምኛለሽ?

ሐሙስ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ በአዛውንቷ በቢ ሙዝና በረንዳ ላይ ሴቶች ተሰብስበን እናነባለን። ደንባችን አንድ ነው፤ ስለ መጽሐፉ የምትናገር ሴት ጣቷን መስመሩ ላይ ታሳርፋለች። ያለ መስመር ያወራች እንደሆነ "ጣትሽ የት አለ?" እያልን እናሳፍራታለን።

አሁን የያዝነው መምህር አቡድ ስለ ደሴታችን ጀልባዎች የጻፉትን ነው። የአባትሽ ጀልባ ዐለት ላይ የተሰበረችበት ቀንም አለበት። ቲማ የምትባል አፏ የማያርፍ የጎረቤቴ ልጅ በዘይት የተጠበሰ ማሃምሪዋን እያኘከች፣ "የምዕራፉ ዋና ሐሳብ ቸልተኝነት ነው። ሰውዬው እኮ ልል ቋጠሮ ነበር የሚባሉት!" አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

ያን ስም አንቺ ታውቂዋለሽ። አባትሽ ማሰር የማያውቅ መርከበኛ ተብለው፣ አብሯቸው የሚቀዝፍ ጠፍቶ፣ ወደብ ላይ ሸክም ሲሸከሙ የሞቱት በዚያ ስም ነው።

"ጣትሽ የት አለ?" አልኳት።

"ኧረ እትዬ፣ ዛሬስ ተነሱብኝ! ይኸው፣ ገጽ አርባ ሰባት። ‘ጀልባዋ ከምሰሶው ተፈታች’።"

"ጆሮሽ የለመደውን አይደለም፣ ፊደሉን አንብቢ።"

በቋንቋችን በስዋሂሊ ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በጭራቸው ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቲማ አጎንብሳ ፊደሉን በጣቷ አንድ በአንድ ተከተለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ "‘ፈቷት’ ነው የሚለው" አለች።

ቀጣዩን ገጽም ገለጥኩላቸው። ገመዱ ሳይበጠስ፣ ጀልባዋ ውስጥ በወጉ ተጠቅልሎ ተገኘ ይላል። ባሕር የፈታውን ገመድ ማን ይጠቀልለዋል? እንግዲህ የምዕራፉ ሐሳብ ቸልተኝነት አይደለም፤ ሰው ባልሠራው ጥፋት መጠራቱ ነው አልኳቸው። የሳቀች አልነበረችም።

"ታዲያ ማን ፈታት?" አሉ ቢ ሙዝና።

"ገጹ ላይ የለም" አልኩ። እውነቴን ነው፣ የለም።

ጀልባዋ የተሰበረችበት ቀን ባሌ በጀልባው እንጨት ጭኖ እየመጣ ነበር። ከተጋባን ወር አልሞላንም። ደህና የጀልባ ማሰሪያ ምሰሶ የነበረው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የአባትሽ ጀልባ የታሰረችበት፤ ደክሞት መጥቶ ቦታ እንዳያጣብኝ ሰጋሁ። ባሕሩ ርቆ ሸሽቶ፣ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አባትሽ ከገበያ ሳይመለሱ ውሃው የሚመለስ አልመሰለኝም። ባሌ ምሰሶውን ባዶ ሲያገኘው "ዛሬ ዕድሌ ነው" አለ። እኔ ምሳውን አቀረብኩለት። ገመድ መጠቅለል ያስተማሩን አባትሽ ነበሩ፣ አንቺንና እኔን ጎን ለጎን አስቀምጠው፤ እኔ ካንቺ ቀድሜ ነበር የለመድኩት።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ይህን ደብዳቤ ሰው ፊት አውጥተሽ ብታነቢው መብትሽ ነው፤ እኔም በመጪው ሐሙስ በረንዳው ላይ አነበዋለሁ። አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ፣ የአባትሽን ማረፊያ ሰፊ ያድርግላቸው።

ከአባትሽ እጅ የበላሁት የልጅነት ጓደኛሽ

ግልባጭ፦
መጽሐፉን አርመው በድጋሚ ለሚያሳትሙት ለመምህር አቡድ