ከአንሶላው ጀርባ

ይድረስ ለወንድሜ ለወታደር ቢራራ፤ ሰላምታዬ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ካለህበት ያግኝህ። እኛ ደባርቅ ያለነው፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

ቀበሌ አዳራሽ አንሶላ ወጥረው የህንድ ፊልም አሳዩን። ጀግናው ደረቱን በጥይት ተመትቶ እንኳ ዘፈኑን ጨርሶ ነው የሞተው! አንተ እሾህ ሲወጋህ የምታሰማው ጩኸት ትዝ ብሎኝ ሳቄን አልቻልኩም። በሳምንቱ ያው ሰውዬ በሌላ ፊልም ሚስት ሲያገባ አየነው። እምዬ ክንዴን ይዛ፣ «ሞተ ያሉት ሁሉ ይመጣል ማለት ነው?» አለችኝ። «ህንድ ከሆነ» አልኳት።

ከፊልሙ በፊት የጦር ሜዳ ዜና ያሳያሉ። አንድ ወታደር ጀርባውን ሰጥቶ ሲያልፍ እምዬ፣ «ቢራራ! ዙርልኝ ልጄ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ወታደሩ ከአንሶላው ጠርዝ ሲጠፋ ተነስታ ከአንሶላው ጀርባ ገባች። ፊልም አሳዪው፣ «እማማ፣ ይመለሱ! ከዚያ ግድግዳ እንጂ ሰው የለም!» አላት። ላመጣት ገብቼ እኔም ትንሽ ፈለግሁ።

ለፋሲካም ለመስቀልም ጽፈንልህ መልስ አልመጣም፤ ስንፍናህን ስለምናውቅ አልተቀየምንህም። ብቻ ካሜራ ያነሱ ሰዎች ካየህ፣ እባክህ ፊትህን ወደ እነሱ አዙርላቸው።

ስድብህ የናፈቀው ታናሽህ፣
ያርጋል