ጣሪያዋ ስለጠፋባት የፓይ ስኩዌር ሩት

ለተከበሩ ዶክተር ቸኮል፣
የሂሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
(ኮሌጁን በስሙ ያልጠራሁት በውስጡ ለሚማሩት ልጆች አዝኜ ነው።)

መካኒሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ በተለይ ዕድሜውን፣ ከዚህ በታች የተጻፈውን ለመረዳት ብዙ ዓመት እንደሚያስፈልግዎ የቢሮዎ ሥራ አስረድቶኛልና። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ዓይኔና ጉልበቴ የደከመ ሴት ነኝ። የደከሙት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ አንባቢም እንዲያውቀው ጉዳዩን ከመነሻው ላስታውስዎ። በግቢዬ ተከራይታ የምትኖረው ሸጊቱ ኮርሳ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎ ናት። ስሟን በአደባባይ የምጽፈው እናንተ ቀድማችሁ «የፈተና ሥርዓት የጣሰች» ብላችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፋችሁት ነው። መምህር ታሪኩ በመጨረሻው ፈተና ላይ፣ ሙቀት በረጅም የብረት ዘንግ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ሲሰላ የሚመጣ አንድ አስቸጋሪ ኢንተግራል አወጡ። ሸጊቱ ፊት ለፊት አልገጠመችውም። በውስጡ እንደ ቋሚ የተቀመጠውን አንድ ቁጥር እንደ ተለዋዋጭ ቆጥራ፣ በእርሱ ዴሪቬቲቭ ወስዳ፣ ነገሩን ወደ ቀላል እኩልነት ለውጣ በስድስት መስመር ጨረሰችው። በእርሷ መልስ ውስጥ የፓይ ስኩዌር ሩት አለ፤ ከሃንድአውቱ በተቀዳው የመምህሩ የመልስ ወረቀት ላይ ያለው ግን ስኩዌር ሩት የሌለው ፓይ ነው። ስለዚህ ዜሮ ተሰጣት፤ ዘዴው ከሃንድአውቱ ውስጥ ስለሌለም ከስልክ ኮርጃለች ተባለ። አሁን እስከ ሰኞ ድረስ «ኮርጄአለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ» በሚል ወረቀት ላይ ከፈረመች ማለፊያ ነጥብ አግኝታ ትመረቃለች፤ ካልፈረመች ስሟ ከምረቃው ዝርዝር ይሰረዛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ወይም እናንተ በምትወዱት አነጋገር ምስጋናዬን፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በሃንድአውት ያልተጻፈ ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። ይህ ዘዴ እኔ ተማሪ ሳለሁም የነበረ፣ ያኔም አሮጌ የነበረ ነው። መምህር ታሪኩ አለማወቃቸውን አልነቅፍም፤ ሰው ሁሉን አያውቅም፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም አያውቅም። የምነቅፈው እርሳቸው የማያውቁትን ያወቀች ልጅ ሌባ መሆን አለባት ማለታቸውን ነው።

2ኛ. ስለ መልሱ ትክክለኛነት ክቡርነትዎ እንዳይደክሙ በእርስዎ ምትክ አሰላሁት። ሸጊቱ እንደ ተለዋዋጭ የቆጠረቻትን ቁጥር ዜሮ ብናደርጋት፣ የሚቀረን ከዜሮ ጀምሮ ማለቂያ እስከሌለው ድረስ በኩርባው ሥር ያለው ስፋት ነው። ከዜሮ እስከ አንድ ድረስ የኩርባው ከፍታ ከአንድ አይበልጥም፤ ስፋቱም ከአንድ አይበልጥም። ከአንድ ወዲያ ያለው ጭራ ደግሞ ሁለት መስመር በማይሞላ ሥራ ከዜሮ ነጥብ ሦስት ሰባት ያነሰ መሆኑ ይታያል። ድምሩ ከአንድ ነጥብ ሦስት ሰባት አይዘልም። የእናንተ መልስ ግን በዚሁ ቦታ የፓይ ግማሽ፣ ማለትም አንድ ነጥብ አምስት ሰባት ነው። በእናንተ ስሌት ከሄድን፣ መቶ እጅ ሙቀት የገባበት ዘንግ ማንም ሳይነካው አንድ መቶ ሰባ ሰባት እጅ ይዞ ይገኛል። ከዚህ ዘንግ አንድ ክንድ ያህል ቢልኩልኝ ክረምቱን ጉልበቴን አሞቅበታለሁ።

3ኛ. የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አሠራር አስደንቆኛል። ሦስት የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሃንድአውት አውጥተው፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን አይተው በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። አንዳቸውም እርሳስ አላነሱም። እኔ ከኮሌጃችሁ በር አጠገብ ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ሄጄ ኢሉ የሚባለውን ባለ ማሽን መልሱ ያለበትን የሃንድአውት ገጽ አሳይቼ ጠየቅሁት። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ «እማማ፣ ይሄ እኮ የኮፒ ኮፒ ነው» አለኝ። «እዚች ፊደል ላይ ጣሪያ የመሰለች መስመር ነበረች፤ ማሽኑ በልቷታል። ዋናውን አንድ መምህር ናቸው በእጃቸው የጻፉት፣ ስድስት ዓመት ሆነው።» ፊደሏ ፓይ፣ ጣሪያዋም የስኩዌር ሩት ምልክት ናት። ይህ ሰው አሥረኛ ክፍልን አልጨረሰም። በኮሚቴው ውስጥ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንድ አባል ወረቀቱን ያይ ነበር። እስከዚያው ግን ስድስት ዙር ተማሪ ስሕተቱን አጥርቶ ሸምድዶ፣ አንዳንዱም በማዕረግ ተመርቆ ወጥቷል።

4ኛ. ባለፈው ማክሰኞ በቢሮዎ ስላደረጉልኝ አቀባበልም ሳላመሰግን አላልፍም። «እናታችን፣ ዘመኑ ተቀይሯል፤ እርስዎ ቤትዎ ሆነው ይጸልዩልን» አሉኝ። ስክርቢቶ አውጥቼ አንዲት መስመር ብቻ እንዲያሰሉልኝ በትሕትና ብለምንዎ፣ ስክርቢቶዋን ጥቂት አይተው፣ ያልጮኸ ስልክ አንስተው «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» እያሉ ወጡ። እኔም እንዳዘዙኝ ጸለይኩ። ዶክተር የሚለውን ማዕረግ የሰጡዎትን ሰዎች ይቅር እንዲላቸው ነው የለመንኩት።

5ኛ. ይቅርታ ጠያቂዋ ሸጊቱ የሆነችበት ምክንያት አልገባኝም።

ስለዚህ ማስታወቂያው በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ሸጊቱ አለመኮረጇን የሚገልጽ ወረቀት እስከ ሰኞ እንዲለጠፍ፣ ይህ ካልተመቸ ደግሞ ክቡርነትዎ በተማሪዎችዎ ፊት ጠመኔ ይዘው ኢንተግራሉን እንዲሠሩት እጠይቃለሁ። የትኛው እንደሚቀልዎ አውቃለሁ።

የክቡርነትዎን ከፍተኛ ወንበርና በላዩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ በሚገባው መጠን የማከብር፣

ትሩፋት ግዛው
ጡረተኛ የሂሳብ መምህርት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ሸጊቱ መጥታ ዛሬ ጠዋት መፈረሟን ነገረችኝ። አባቷ ለምረቃው በግ ገዝተው፣ ዘመድ ጠርተው ኖሮ «እውነቱን ጌታ ያውቀዋል፣ አንቺ ብቻ ተመረቂ» አሏት። ደብዳቤውን እንዳልልከውም ለመነችኝ፤ ስሕተት ለማረም ግን ተማሪ አስፈቅጄ አላውቅም። እንግዲህ ከላይ የጠየቅሁትን ሁሉ ትቻለሁ። በመዝገብዎ ውስጥ አሁን፣ ከትምህርት ክፍላችሁ ያንን ኢንተግራል መሥራት የምትችለው ብቸኛዋ ሰው፣ ኮርጄአለሁ፣ ማለትም ራሴ አልችልም ብላ በእጇ የፈረመችበት ወረቀት አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ከእናንተ በእርግጥ የተማረችው አንድ ነገር መዋሸት ነው፤ በእርሱ እንኳ ሙሉ ነጥብ ይስጧት።