ምክር ቤት የገባህበት ሰኞ

ሐሙስ፣ ሰኔ 6 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ልጄ፤ ብዙ ሰው ወዳለበት ከተማ፣ አንድ ሰው ካለበት ቤት፤

ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ስቀመጥና ስነሳ ብቻ ስለሆነ፣ ቆሜ እስከዋልኩ ድረስ ጤነኛ ነኝ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያለህ። ሰኞ ዕለት ምክር ቤት ገብተሃል። የኔን ግራጫ ኮት ለብሰህ፣ ጢምህን ተላጭተህ፣ ደረትህ ላይ «ወጣት የገበሬ መሪ» የሚል ካርድ ከነፎቶህ አንጠልጥለህ ከሕግ አውጪዎች ጋር ተጨባብጠሃል። ጠባይህ ደህና ነበር። በንግግሩ መሃል አንድ ጊዜ ሸለብ አድርጎሃል፤ ነገር ግን ከአባላቱ ብዙዎቹ ቀድመውህ ስለነበር ማንም አልታዘበህም።

ባህር ማዶ ተቀምጠህ እዚህ እንዴት ምክር ቤት እንደገባህ ግራ ከገባህ፣ አንተን ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ያ የግብርና ባለሙያ መጣ፤ መንደሩ «ፋይሉ» ብሎ የሚጠራው። እንደ ወትሮው ብብቱ ሥር ፋይል አለ፣ ጫማው ላይ ጭቃ የለም።

«አባባ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «አሥራ ሁለት ወጣት የገበሬ መሪዎች ይዤ ምክር ቤት እንድቀርብ ታዝዣለሁ። ዝርዝሩን ልኬያለሁ። ልጅዎ ሰባተኛ ላይ አለ።»

«ልጄ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ነህ እኮ ሻንጣውን ተሸክመህ የሸኘኸው!»

«አውቃለሁ አልኩዎት! ሪፖርቱ ግን አያውቅም። አሥራ አንድ ሰው ይዤ ከሄድኩ ሪፖርቱ ውሸታም ሊባል ነው።»

ይኸውልህ፣ ለሪፖርት ክብር የሚጨነቅ ሰው እስካለ ድረስ አገር አልጠፋም።

«እና ምን ላድርግልህ?»

«ይላጩ» አለኝ።

ከቤቴ ላባርረው አፌን ስከፍት የቀረውን ተናገረ። ከጅረቱ ባሻገር ያለው ያንተ የሽንኩርት ማሳ፣ ያ ለወጣቶች የተሰጠው የኪራይ መሬት፣ ውሉ አልቋል። የምክር ቤቱ የግብርና ኮሚቴ በዚያው ሰኞ ለአሥር ዓመት ሊያድሰው ነው። ስሙ ሲጠራ ተነስቶ «አለሁ፣ አርሳለሁ» ያለ መሬቱን ይይዛል። ያላለ ያጣዋል፣ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ደብቄህ አላውቅም፤ ከሄድክ ጀምሮ ማሳውን የማርሰው እኔ ነኝ። በየሦስት ወሩ በሚመጣው የተገኚዎች መዝገብ ላይ ያንተን ፊርማ የምፈርመውም እኔ ነኝ። ከራሴ ፊርማ ያንተ ነው የሚያምርልኝ፤ ያችን የተጠማዘዘች ጅራቷን ሳይቀር እጽፋታለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «በቅርቡ ይመጣል» እላለሁ። «በቅርቡ» ሰፊ ቃል ነው፤ አራት ዓመት ገብቶበት ገና አልሞላም።

እናም ፀጉር ቤት ሄድኩ። «ስንት ዓመት ልቀንስልህ?» አለኝ ፀጉር ቆራጩ።

«ሠላሳ አራት።»

መቀሱን አስቀምጦ ራሱም ተቀመጠ። «ወዳጄ፣ እኔ የምቆርጠው ፀጉር ነው» አለኝ። ቢሆንም ላጨኝ፣ ጥቁር ቀለምም ቀባኝ። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝ። ፀጉሩ ቁርጥ ያንተ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ከሥሩ ያለው ፊት ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ከአሥራ ሁለቱ ወጣቶች አንዱ የልጅ ልጁን ፎቶ አሳየኝ። ወጣትነቱ ግን በማኅተም የተረጋገጠ ስለሆነ ጥያቄ አላነሳሁም። ከመሃላችን ያለ ማኅተም ወጣት የሆነችው አሥራ ሦስተኛዋ ተሳፋሪ ብቻ ነበረች። የአናጢው ልጅ። አንድ ዴስክ ላይ ተምራችኋል፤ ስትስቅ ክፍሉን የምታናጋው። መሬት ስለሌላት በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ጣሪያ ላይ፣ በባዶ የቀለም ቆርቆሮዎች ውስጥ የሽንኩርት ችግኝ ታፈላለች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንዴት አደርክ፣ ወጣቱ?» አለችኝ ሳቋን እያፈነች።

«ደህና፣ እህቴ። አንቺ ደግሞ ለምን መጣሽ? የሚታደስ ውል የለሽ!»

«ተጠባባቂ ነኛ፣ አባባ። ሰው ከጎደለ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ይሄው አራት ዓመቴ።»

«በአራት ዓመት የጎደለ ሰው የለም?»

ቀና ብላ ቀለሜን አየችው። «በወረቀት ማንም አልጎደለም» አለች። ከዚያ ብርቱካን ላጠችና ግማሹን ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የምክር ቤቱ ምንጣፍ ወፍራም ነው፤ ሰው ሲራመድ አይሰማም። በሩ ላይ ጥበቃው ካርዴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና ካርዴን አየ። «ግብርና ሰው ያስረጃል አይደል?» ብሎ በአዘኔታ አሳለፈኝ። ውስጥ አንድ የተከበሩ አባል ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እናንተ የነገ ተስፋዎቻችን ናችሁ!» አሉኝ። ቢያንስ በአሥር ዓመት እበልጣቸዋለሁ። «አሜን አባቴ» አልኳቸው። ከዚያ ከምክር ቤቱ ኩሽና አንድ ራስ ሽንኩርት አስመጥተው፣ እኔ በአንድ ወገን እሳቸው በሌላ ወገን ይዘነው ፎቶ ተነሳን። ሽንኩርቱ ደስ አላለውም።

ወደ ኮሚቴው አዳራሽ ገባን። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ ምሳ ሰዓት የደረሰባቸው ሴትዮ ናቸው። ዝርዝሩን ሳያቆሙ ያነባሉ። አንደኛው ተነሳ፣ «አለሁ፣ አርሳለሁ»፤ ታደሰለት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ያ የልጅ ልጅ ያየው ወጣትም አፉን ሞልቶ «አለሁ» አለ። ሰባተኛ ላይ ያንተ ስም ተጠራ።

ተነሳሁ፤ ጉልበቴ ቋ አለ። «አለሁ» ምን ታህል ቃል ናት? እጄ አራት ዓመት ሙሉ ሳያመነታ ፈርሟታል። አፌ ላይ ስትደርስ ግን ተጣበቀች። የአናጢው ልጅ ከኋላዬ ነበረች። እንድታስል ጠበቅኳት፣ ወንበሯን እንድታንኳኳ ጠበቅኳት። አንዱንም አላደረገችም።

«የለም እንዴ?» አሉ ሰብሳቢዋ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«የለም» አልኩ።

አሁን ቀና አሉ። «የለም ብሎ የሚመልስልኝ ማነው?»

«አባቱ ነኝ፣ የተከበሩ ሰብሳቢ። እሱ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ያረስኩት እኔ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፋይሉ ፋይሉን ፊቱ ላይ አደረገ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም። ጠረጴዛውን መታ አደረጉና «መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ከአራት ዓመት ልምምድ በኋላ በእንቅልፍ ልቤም የምለው ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ የጠየቁኝ እንደ መንደሩ ሰው ለሰላምታ አልነበረም። ሊጽፉት ነው የጠየቁኝ።

«አይመለስም» አልኩ።

ልጄ፣ ይህችን ቃል ለእናትህ መቃብር እንኳ ተናግሬያት አላውቅም። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ጣቶች ኮምፒውተሩ ላይ ታ ታ ታ ብለው ሲያቆሙ ሰማሁ። ቃሏ ያን ያህል አጭር ነች። ተቀመጥኩ።

«ተጠባባቂ አለ?»

የአናጢው ልጅ ተነሳች። «አለሁ» አለች። «አርሳለሁ» የሚለው ከችኮላዋ ብዛት ግማሹ ቀረ፤ ሰብሳቢዋ ሙሉ አድርገው ተቀበሉት። ስለ ፊርማው በኔ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ፋይሉ ደግሞ ሪፖርቱ እንዴት እንደዋሸ ሪፖርት እንዲያቀርብ ታዟል፤ እስካሁን እየጻፈ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቆርቆሮዎቿን በጋሪ ጭና መጣች። ቦዩ የት ጋ እንደሚደፈን፣ የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚያቁር አሳየኋት። ስለያት «ነገም ይምጡ እንጂ፣ አባባ» አለችኝ።

«መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ሊቆጡኝ ነዋ! አጥፍቼ ዝም ስባል ይጨንቀኛል።»

ትናንት አልሄድኩም። የተላጨ አገጬን በረደኝ ብዬ ቀረሁና በመስኮት ሳያት ዋልኩ። ጥሩ አድርጋ ነው የምትተክለው፤ ካንተ ትሻላለች፣ ይህን በመሃላችን ያዘው። ድሮ የራሴን ሥራ ጨርሼ «አሁን ደግሞ የልጄን» ብዬ ጅረቱን እሻገር ነበር። አሁን የራሴ ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱም ረፋድ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ዜናው አንገብግቦኝ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ ደስ ስለሚል ነው። አንዳንዴ እመልስለታለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ ያች ጸሐፊ ተከትላኝ መጣች። «አባባ፣ «አይመለስም» ያሉት ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ስህተት ካለው፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳረም ይችላል» አለችኝ።

«መሬቱ ይመለሳል?»

«መሬቱስ አይመለስም። የሚታረመው ቃሉ ብቻ ነው።»

አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋልኛለች፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ዛሬ አራተኛው ቀን ነው። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ደብዳቤ ካንተ ዘንድ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቀን፣ ለመመለስም አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል ብሎኛል። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ለመረጃ ያህል ነው። ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ።

የምትረግጠው ምድር ይመችህ፣ የምታንኳኳው በር ይከፈትልህ። ክፉ ሰው ከመንገድህ ዘወር ይበል። በልተህ እደር፣ ጉሮሮህን ከብርድ ጠብቅ።

አባትህ